«ትርጉሙ ምንድን ነው?»፦ ስለ ማዕና፣ ስለ ሙራድና ስለ ፋይዳ የቀረበ ሂስ

በደርስ ላይ አንድ አያህ ከተነበበ በኋላ ተማሪው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በውስጡ ግን ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ይህ ቃል በቋንቋው ደንብ የሚያስጨብጠው ሐሳብ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ተናጋሪው በዚህ ንግግር የፈለገው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ይህ ንግግር ዛሬ በእኔ ጉዳይ ላይ ምን ያስከትላል?» የሚል ነው። አማርኛችን ደግሞ አራተኛ ይጨምርበታል፤ «ትርጉም» ስንል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የተመለሰውን ጽሑፍም ማለታችን ነውና። ስለዚህ መምህሩ የቃሉን የአማርኛ አቻ ሲነግረው፣ ተማሪው አላህ (ሱ.ወ.) በቃሉ የፈለገውን እንደ ሰማ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ከሁለቱ ማንም አልዋሸም፤ አንዱ ቃል ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል።

ይህ መደባለቅ የሀገራችን ደርስ ችግር ብቻ አይደለም። ስለ ቁርኣን አተረጓጎም በዘመናችን በተካሄዱት ታላላቅ ክርክሮች ውስጥም ተሸሽጎ ይገኛል። በአንድ ወገን «ትርጉም አንድና የማይለወጥ ነው» የሚሉ አሉ። በሌላ ወገን «ትርጉምን የሚሠራው አንባቢው ነው፤ ዘመን ሲለወጥ እሱም ይለወጣል» የሚሉ አሉ። በመካከል ደግሞ «የዘመኑ ፈላስፎች ያሉትን ሁሉ ዑለማኦቻችን ቀድመው ብለውታል» በማለት ነገሩን የሚዘጉ አሉ። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም ይተቻል። ለማስረዳት የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ ሊቃውንቶቻችን ማዕናን፣ ሙራድንና በጉዳይ ላይ ማዋልን ለይተው ለእያንዳንዱ የራሱን መመዘኛ ሰጥተውት ነበር። የዘመኑ ፍልስፍና የሚጠቅመን ይህን ልዩነት ሲያጠራልን ነው፤ የሚጎዳን ልዩነቱን ሲያፈርሰው፣ ወይም እኛው ራሳችን በችኮላ ንጽጽር ስናፈርሰው ነው።

ሀ. ሊቃውንቱ «ማዕና» ሲሉ

«ማዕና» የሚለው የዐረብኛ ቃል «ዐና» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም ማሰብን፣ መፈለግን፣ ወደ አንድ ነገር ማነጣጠርን ያመለክታል። ከሥሩ ስንነሣ እንግዲህ ማዕና ወደ ተናጋሪው ይጠቁማል። አማርኛም «ምን ማለትህ ነው?» ሲል የሚጠይቀው ከቃሉ ይልቅ ስለ ሰውየው ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በየዕውቀት ዘርፉ የተለየ ሥራ ተሰጥቶታል። ለነሕው ሊቃውንት ማዕና የለፍዝ ተጓዳኝ ነው። ለመንጢቅ ሰዎች በአእምሮ የተቀረጸ ሐሳብ ነው። ለዒልሙል ከላም ሊቃውንት ደግሞ ከቃል ፍቺ ውጭ የሆነ ሌላ ፍቺ አለው። በ895 ዓ.ሂ. ያረፉትን የኢማም አስ-ሰኑሲን «ኡሙል በራሂን» የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «ሲፋቱል መዓኒ» የሚባሉት ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ዕውቀት፣ ሕይወት፣ መስማት፣ ማየትና ንግግር ናቸው። እዚያ ማዕና ማለት በዛቱ የቆመ እውነተኛ ባሕርይ ነው። የጥንት ኪታብ ከፍቶ «ማዕና»ን ባገኘበት ሁሉ «ትርጉም» እያለ የሚያልፍ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይስታል።

የፍልስፍናው መስመር ከአሪስቶትል ይነሣል። እሱ «ስለ ትርጓሜ» በሚባለው ድርሰቱ መግቢያ፣ ጽሕፈት የድምፅ ምልክት፣ ድምፅም በነፍስ ውስጥ ያለው ሐሳብ ምልክት እንደ ሆነ ያስተምራል። ድምፅና ጽሕፈት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያሉ፤ በነፍስ ያለው ሐሳብና ሐሳቡ የሚመስለው ነገር ግን ለሁሉም አንድ ናቸው። ኢብን ሲና (በ428 ዓ.ሂ. ያረፉ) ይህን በ«አሽ-ሺፋእ» ውስጥ አስፍተው አብራሩት። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. ያረፉ) ደግሞ በአራት የህልውና ደረጃዎች አደራጁት፦ ነገሩ ራሱ በውጭ፣ ምስሉ በአእምሮ፣ ስሙ በአንደበት፣ ምልክቱ በጽሕፈት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሀገርና በዘመን አይለያዩም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በሰዎች ስምምነት የቆሙ ስለሆኑ ይለያያሉ።

ይህ ጥርት ያለ ሥዕል በጊዜው ተቃዋሚ አላጣም። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ፣ በወዚሩ ኢብኑል ፉራት ፊት፣ የመንጢቁ ሰው መታ ኢብን ዩኑስና የነሕው ሊቁ አቡ ሰዒድ አስ-ሲራፊ ተከራከሩ። መታ «መንጢቅ የሚመረምረው ማዕናን ነው፤ ነሕው የሚመረምረው ለፍዝን ነው፤ ማዕናም የሕዝቦች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው» የሚል አቋም ያዘ። አስ-ሲራፊ ግን ወደ ማዕናው ያለ ቋንቋ እንዴት ይደረሳል ብለው ሞገቱት። የግሪክን ሐሳብ በሱርያኒ በኩል ለተቀበለ ሰው፣ በዝውውሩ ምንም አልጎደለም፣ ምንም አልተጨመረም ብሎ ዋስ የሚሆንለት ማን ነው? ክርክሩን ያቆዩልን አቡ ሐያን አት-ተውሒዲ የአስ-ሲራፊ ተማሪ ነበሩና የድሉን ዘገባ የወዳጅ ዘገባ መሆኑን አውቀን ማንበብ ይገባናል። ጥያቄው ግን ከዘጋቢው ወገንተኝነት ይሰፋል፤ ዛሬ ቁርኣንን በአማርኛ ብቻ በሚያነብ ሰው ፊትም እንደ ቆመ ነው።

ለመምህራንና ለኢማሞች ከሁሉም የሚቀርበው ሦስተኛው መስመር፣ የኡሱሉል ፊቅህ መስመር ነው። ኡሱሊዮች ቃል ማዕናውን የሚያመለክትባቸውን መንገዶች ሙጣበቃ፣ ተደሙንና ኢልቲዛም ብለው ከፈሏቸው፤ ቃሉ ከሐሳቡ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲገጥም፣ የሐሳቡን ከፊል ሲያቅፍና ከሐሳቡ የማይለየውን ሌላ ነገር ሲያስከትል ማለት ነው። በዚህ አላበቁም። ቃሉ ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ፣ ከዚያ ውስጥ የተፈለገው የትኛው ነው ብለው በቀሪና ይመረምራሉ። ዓምና ኻስ፣ ሙጥለቅና ሙቀየድ፣ ዛሂርና ሙአወል የሚባሉት ምዕራፎች በማዕናና በሙራድ መካከል ያለው ርቀት የሚለካባቸው ሚዛኖች ናቸው። ሙራዱ ከታወቀ በኋላም ሌላ ሥራ ይቀራል፤ ፊት ለፊታችን ባለው ጉዳይ ላይ የሕጉ መሠረት መኖር አለመኖሩን ማጣራት፣ ማለትም ተሕቂቁል መናጥ። ኢማም አሽ-ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሂ. ያረፉ) ይህኛው ኢጅቲሃድ ተክሊፍ እስካለ ድረስ እንደማይቋረጥ በ«አል-ሙዋፈቃት» አስተምረዋል። ምስክር ዐድል መሆን እንዳለበት የታወቀና ያደረ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ለምስክርነት የቀረበው ሰው ዐድል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በየቀኑ አዲስ ነው።

ለ. «የእኛዎቹ ቀድመው ብለውታል»

በዚህ ሀብት የሚኮራ ሰው ያለበት ፈተና የንጽጽር ችኮላ ነው። ዐብዱል ቃሂር አል-ጁርጃኒ (በ471 ዓ.ሂ. ያረፉ) ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። እሳቸው «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» በተባለው ኪታባቸው የንግግር ብልጫ በተናጠል ቃል ድምፅ ወይም በተራቆተ ሐሳብ እንደማይገኝ፣ የሚገኘውም በነዝም መሆኑን አሳዩ፤ ነዝም ማለት ቃላትን የነሕው ማዕናዎች በሚጠይቁት ሥርዓት ማሰናሰል ነው። ማስቀደምና ማዘግየት፣ መጥቀስና መተው፣ መዕሪፋና ነኪራ ማድረግ ሁሉ ማዕና ያመጣሉ። ነሕውን የኢዕራብ ማሳመሪያ ብቻ አድርጎ ለሚያስተምር መምህር ይህ ታላቅ ተግሣጽ ነው።

የዘመናችን ጸሐፊዎች ግን አል-ጁርጃኒን ያላግባብ ከስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ከፈርዲናንድ ደ ሶሱር ጋር አንድ ያደርጓቸዋል። የሶሱር ትምህርት ካረፈ በኋላ በ1916 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በቃልና በሐሳብ መካከል ያለው ትስስር ከስምምነት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም የሚለው አንዱ መሠረቱ ነው። አል-ጁርጃኒም የቋንቋ አውጪው «ደረበ» በሚለው ፈንታ «ረበደ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምንም እንደማይበላሽ ጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ ይገጥማሉ። ከዚህ በኋላ ግን ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። ለሶሱር ከቋንቋ በፊት ተለይቶ የቆመ ሐሳብ የለም፤ ሐሳብም ሆነ ድምፅ መልክ የሚይዙት በቋንቋው ሥርዓት ውስጥ ከሌሎች በመለየታቸው ነው። ለአል-ጁርጃኒ ማዕናዎች በቅድሚያ በነፍስ ውስጥ ይደረደራሉ፤ ቃላት እነሱን ተከትለው ይሰለፋሉ። በከላሙ ነፍሲ የሚያምን አሽዐሪ ሊቅ ከዚህ ሌላ ይል ዘንድ አይጠበቅም። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ጸሐፊ አል-ጁርጃኒን ያከበረ መስሎት ዐቂዳቸውን ያስጥላቸዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ማዕነል ማዕና» ነው። አል-ጁርጃኒ የቃሉን ቀጥተኛ መልእክት ማዕና፣ አእምሮ ከዚያ መልእክት ተነሥቶ የሚደርስበትን ሌላ መልእክት ደግሞ «የማዕና ማዕና» ይሉታል። «አመዱ ብዙ ነው» የተባለ ሰው፣ አመድ ከበዛ እሳት በዝቷል፣ እሳት ከበዛ ምግብ በዝቷል፣ ምግብ ከበዛ እንግዳ በዝቷል ተብሎ ቸር መሆኑ ይታወቃል። ኦግደንና ሪቻርድስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ምሁራን በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ይኸው ሐረግ ስለሚገኝ ብዙዎች ሁለቱን ያመሳስላሉ። ነገር ግን የእንግሊዛውያኑ ጥያቄ «ትርጉም» የሚለው ቃል ራሱ ስንት ፍቺ አለው፣ ምልክት፣ ሐሳብና ነገርስ እንዴት ይገናኛሉ የሚል ነው። ከአመዱ ወደ ቸርነቱ ስለሚወስደው መንገድ አይደለም። ለአል-ጁርጃኒ ይበልጥ የሚቀርበው ፖል ግራይስ ነው፤ እሱ በ1957 እና በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጽሑፎች ተናጋሪ ከተናገረው በላይ እንዴት እንደሚያስተላልፍና ሰሚው የተናጋሪውን ዓላማ አውቆ እንዴት እንደሚረዳው መርምሯል። የርእስ መመሳሰል ወደ አንዱ መጽሐፍ መራን፤ የሐሳብ ዝምድና የነበረው ግን ከሌላው ጋር ነው።

እኛም በሀገራችን ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም። «ማዕነል ማዕና»ን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ሰምና ወርቅን መጥቀስ ይቀናናል። ሰምና ወርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው አንድ ድምፅ ሁለት ፍቺ በመያዙ ወይም ቃሉ ሲሰበር ሌላ ቃል በመውጣቱ ላይ ነው፤ ይህ በበላጋ ትምህርት ለተውሪያ ይቀርባል። በአመዱ ምሳሌ አንድም ቃል ሁለት ፍቺ የለውም። አመድ አመድ ነው፤ አእምሮን የሚያሻግረው ማዕናው ራሱ ነው።

ሦስተኛው ንጽጽር ኢብን ተይሚያንና ሉድቪግ ቪትገንሽታይንን ያጣምራል። ኢብን ተይሚያ (በ728 ዓ.ሂ. ያረፉ) ቃል ከቀሪና ተራቁቶ እንደማይገኝ በመግለጽ የሐቂቃንና የመጃዝን ክፍፍል ተቃወሙ። ቪትገንሽታይን በ1953 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም በአብዛኛው የቃል ትርጉም በቋንቋው ውስጥ ያለው አገልግሎት መሆኑን አስተማረ። መቀራረባቸው እውነት ነው። ኢብን ተይሚያ ግን ዐውዱን የሚመረምሩት የተናጋሪውን ልማድና ሙራድ ለማግኘት ነው። ቪትገንሽታይን ትርጉምን በአእምሮ ውስጥ ከተሰወረ ነገር ወደ ማኅበረሰብ የጋራ ልማድ ያወጣል። አንደኛው በዐውዱ በኩል ወደ ፈላጊው ይሄዳል፤ ሌላው እዚያው ዐውዱ ላይ ይቆማል።

ሐ. የዘመኑ ፍልስፍና ያጠራውና ያደባለቀው

ንጽጽርን ስንተች መማርን መዝጋታችን አይደለም። ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ በ1892 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ለእኛም ይጠቅማል። የአጥቢያ ኮከብና የምሽት ኮከብ የሚባሉት በሰማይ ላይ አንድ አካል፣ ቬነስ ወይም ዙህራ ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱ ስሞች ያንን አንድ አካል የሚያቀርቡበት መንገድ የተለያየ ነው። ፍሬገ ስሙ የሚያመለክተውን ነገር ስሙ ከሚያቀርብበት መንገድ ለየ። ዓላማው የሎጂክና የሒሳብ እኩልነትን ማስረዳት ነበር። ሊቃውንቶቻችን ስለ አስማኡል ሑስና ሲያስተምሩ፣ ስሞቹ ወደ አንዱ ዛት በማመልከታቸው አንድ፣ በሚገልጹት ሲፋ ግን የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳሉ። ዓላማው ሌላ፣ ሚዛኑ ቅርብ ነው። የሚያመለክቱት አንድ ከሆነ ትርጉማቸውም አንድ ነው ብሎ ለሚደመድም ተማሪ ሁለቱም ይደርሱለታል።

ችግሩ የከፋው በጋዳመር ላይ ነው። ሀንስ-ጌኦርግ ጋዳመር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ ሥራው፣ አንባቢ ሁልጊዜ ከራሱ ዘመን አድማስ ተነሥቶ እንደሚረዳ፣ ጽሑፍን በራስ ሁኔታ ላይ ማዋልም የመረዳት አንዱ አካል እንደ ሆነ አስተማረ። ምሳሌ ያደረገውም ዳኛውንና ሰባኪውን ነው። ይህ ለኢማም እንግዳ አይደለም፤ ኹጥባ ያዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ኡሱሊዮች በሁለት ደረጃ የለዩትን ነገር ጋዳመር እንዳይለያይ አድርጎ ይቋጥረዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤ. ዲ. ሄርሽ የተቃወመው እዚህ ላይ ነው፤ የደራሲው ትርጉም አይለወጥም፣ የሚለወጠው ትርጉሙ ለየዘመኑ ያለው ፋይዳ ነው አለ።

የጋዳመር ትዝብት እውነት አለው፤ ከትዝብቱ ብዙዎች የሚያወጡት መደምደሚያ ግን አይከተልም። ከአዲስ አበባ የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል፤ ከኢስታንቡል የሚሰግድ ወደ ደቡብ ያዞራል። አቅጣጫው በቆሙበት ቦታ ይለያያል፤ ካዕባ ግን አንድ ነው። ካዕባን በዓይኑ የማያይ ሰው በምልክት ይፈልጋል፣ ሊሳሳትም ይችላል፤ ሶላቱም ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። በመፈለጉ ላይ ልዩነት መኖሩ የሚፈለገው የለም ለማለት ማስረጃ አይሆንም። አል-ገዛሊን ጨምሮ ከኡሱሊዮች አንዳንዶቹ፣ ግምታዊ በሆኑ ጉዳዮች ሙጅተሂድ ሁሉ ትክክል ነው ብለዋል። ይህን ያሉት ግን ስለ ሕጉ ነው፤ ቃል አንባቢው ያለውን ሁሉ ማለት ነው እስከማለት የደረሰ ከእነሱ የለም።

መ. ማዕናና መግዛ

ይህ ክርክር ወደ ቁርኣን ጥናት በጎላ መልክ የገባው በግብፃዊው ምሁር በናስር ሓሚድ አቡ ዘይድ (1943–2010 እ.ኤ.አ.) በኩል ነው። «መፍሁሙን ነስ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1995 እ.ኤ.አ. የካይሮ ፍርድ ቤት ሙርተድ ናቸው ብሎ ጋብቻቸውን አፈረሰ፤ እሳቸውም ወደ ኔዘርላንድ ሄዱ። ይህ ጽሑፍ በሐሳባቸው ላይ ተቃውሞ አለው፤ የኢልም ተቃውሞ ግን የሚፈታው በማስረጃ ነው። ባልና ሚስትን መለያየት ለአንድም ጥያቄ መልስ አልሆነም።

አቡ ዘይድ የሄርሽን ልዩነት ወስደው ማዕናንና መግዛን ለዩ። ማዕና ቃሉ በወረደበት ዘመንና ዐውድ የያዘው፣ የረጋው ነው። መግዛ ከማዕናው ተነሥቶ ለአንባቢው ዘመን የሚደርሰው፣ የሚንቀሳቀሰው ነው። መግዛ ከማዕና ጋር የተሳሰረ መሆን እንዳለበትም አጥብቀው ይናገራሉ። ተቺዎቻቸው ብዙ ጊዜ ያላስተዋሉት ነጥብ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አቡ ዘይድ «ትርጉምን አንባቢው ይሠራዋል» ከሚሉት ይልቅ ለኡሱሊዮች ይቀርባሉ። ድክመቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በሴቶች ውርስ ጉዳይ፣ ቁርኣን በጊዜው ከነበረው ልማድ አንጻር የሄደበትን «አቅጣጫ» አይተን መንገዱን እንቀጥል ይላሉ። አቅጣጫው በምን ይለካል? ቂያስ የሚያደርግ ፈቂህ ዒላውን የሚያወጣባቸውና የሚፈትንባቸው የታወቁ መንገዶች አሉት፤ በእነሱ ስሕተቱን ሌላ ፈቂህ ሊያሳየው ይችላል። ለ«አቅጣጫ» እንዲህ ያለ መፈተኛ አልተሰጠም። ሊሳሳት የማይችል አተረጓጎም ትክክል መሆኑም ሊታወቅ አይችልም። በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው ደግሞ ቁርኣንን እንደ አንድ ጽሑፍ ከማየት እንደ ብዙ ንግግሮች ወደ ማየት ተሸጋገሩ። ይህ ከሆነ መግዛው የሚታሰርበት የረጋ ማዕና የቱ ነው? የኋለኛው አቋማቸው የፊተኛውን ምሰሶ ያናጋዋል።

ፓኪስታናዊው ምሁር ፈዝሉር ራህማን በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከዛሬ ወደ ወሕይ ዘመን፣ ከዚያም መርሑን ይዞ ወደ ዛሬ የሚመለስ የሁለት ጉዞ ዘዴ አቀረቡ። እዚያው ላይ የጋዳመርን አቋም ተችተው፣ ያለፈውን ትርጉም በተጨባጭ ማወቅ ይቻላል ከሚለው ከጣሊያናዊው ኤሚሊዮ ቤቲ ጋር ቆመዋል። በውጤታቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ተሐድሶ የሚፈልግ ሰው የረጋ ማዕናን መካድ እንደማያስፈልገው ግን ሥራቸው ያሳያል።

በሌላው ጫፍ ያለው ወንድማችንም ይተቻል። «ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ተርጓሚ አያስፈልገውም» የሚለው ሰው ማዕናን ሲያገኝ ሙራድን ያገኘ፣ ሙራድን ሲያገኝ በጉዳዩ ላይ ማዋልንም የጨረሰ ይመስለዋል። አንባቢን ከፍ አድርጎ ከሚያነግሠው ጋር ሳያውቀው ይገናኛል፤ ሁለቱም በራሳቸው ንባብና በተናጋሪው ፍላጎት መካከል ያለውን ርቀት ሰርዘዋል።

ሠ. በአማርኛ ፊት

የዚህ ሁሉ ክብደት የሚሰማን ወደ ራሳችን መስጂድ ስንመለስ ነው። በሀገራችን ደረሶች ለዘመናት ዐረብኛውን ኪታብ እየቀሩ ፍቺውን በየቋንቋቸው ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ከፍቺው ጋር የሸይኹ ማብራሪያ ነበረ። በ1961 ዓ.ም. በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ሲታተም ታላቅ በር ተከፈተ። በዚያው በር ግን ትርጉሙን ያለ ሸይኽ የሚያነብ ሰውም ገባ።

በሱረቱል በቀራ 228ኛው አንቀጽ የተፈታች ሴት ሦስት «ቁሩእ» እንድትጠብቅ ታዝዛለች። «ቁርእ» ሙሽተረክ ነው፤ የወር አበባንም፣ በሁለት የወር አበባዎች መካከል ያለውን የንጽሕና ጊዜም ይይዛል። ዑመር፣ ዐሊና ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) የወር አበባ ነው ብለዋል፤ ሐነፊዮች በዚህ ሄዱ። ዓኢሻ፣ ዘይድ ኢብን ሣቢትና ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ንጽሕና ነው ብለዋል፤ ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች በዚህ ሄዱ። በዚህ ልዩነት የዒዳው ማብቂያ ቀን ይለያያል፤ ባል ሚስቱን የመመለስ መብቱ የሚያበቃበትና ሴቲቱ ሌላ ለማግባት ነጻ የምትሆንበት ቀን አብሮ ይለያያል። አማርኛ ሁለቱን የሚይዝ አንድ ቃል የለውም። ተርጓሚው ዐረብኛውን ቃል እንዳለ ይተወዋል፤ አለዚያም አንዱን መዝሀብ ይመርጣል። ከመረጠ፣ በአማርኛ የሚያነበው ሰው ምርጫ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

«ላመስቱሙን ኒሳእ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሐምዛና አል-ኪሳኢ ያለ አሊፍ «ለመስቱም» ብለው ቀርተውታል። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ለግንኙነት የተነገረ ኪናያ ነው አሉ፤ ሐነፊዮች ይህን ይዘው ሴትን መንካት ዉዱእ አያፈርስም አሉ። ሻፊዒዮች በአካል መነካካት ነው ብለው ያፈርሳል አሉ፤ ማሊኪዮች እርካታን መፈለግን ወይም ማግኘትን ይመለከታሉ። በአማርኛ «ብትነኩ» ብሎ የጻፈ ወደ ሻፊዒዮች አዘንብሏል፤ «ብትገናኙ» ብሎ የጻፈ ወደ ሐነፊዮች አዘንብሏል። በወሎ ሐነፊውና ሻፊዒው በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ሲሰግዱ ኖረዋል። የአማርኛውን መጽሐፍ ከፍቶ «ቁርኣኑ ይኸው በግልጽ ተናግሯል፤ የጎረቤቴ ዉዱእ ፈርሷል» የሚል ወጣት፣ የተርጓሚውን ምርጫ የአላህ (ሱ.ወ.) ሙራድ አድርጎ ሶፉን ይከፍላል።

አሽ-ሻጢቢ ለዚህ መንገድ አሳይተዋል። ንግግር ሁለት ዓይነት አመላከት አለው ይላሉ። መሠረታዊው የቋንቋዎች ሁሉ የጋራ ነው፤ የዘይድን መቆም በየትኛውም ቋንቋ መንገር ይቻላል። ተከታዩ ግን ዐረብኛ ያንኑ ዜና እንደ ሰሚው ሁኔታ በሚያቀርብባቸው መንገዶች የተያዘ ነውና በሌላ ቋንቋ አይተካም። ስለዚህ ቁርኣን ለሕዝብ ሊብራራ የሚችለው በመጀመሪያው በኩል ነው። በዚህ ላይ አንድ ማሻሻያ እናቅርብ። አማርኛም የራሱ መሣሪያ አለው፤ ለሚጠራጠር ሰው «ዘይድ እኮ ቆሟል» እንላለን። ተከታዩ አመላከት በከፊል አቻ ሊያገኝ ይችላል። በሌላ ቦታ ደግሞ አቻው ጠላት ይሆናል፦ «አመዱ ብዙ ነው» በዐረብኛ ቸርነትን ካመለከተ፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን «አመድ አፋሽ» የሚለውን አስቦ ከንቱነትን ይረዳል። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፤ ማዕናውም አልተዛባም፤ የማዕናው ማዕና ግን ተገልብጧል።

ረ. ለመምህሩ የሚቀረው

ከዚህ ሂስ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ተማሪው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሲል መምህሩ ከመመለሱ በፊት የትኛውን እንደ ጠየቀ ይለይለት። «ቃሉ በዐረብኛ ይህንና ይህን ይይዛል» ማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከእነዚህ ውስጥ የተፈለገው ይህ ነው፣ ማስረጃውም ይህ ነው፣ የተለየ ያሉም አሉ» ማለት ሌላ ነው፤ «በእኛ ጉዳይ ላይ እንዲህ ይውላል» ማለት ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው በቋንቋ ዕውቀት ይመዘናል፣ ሁለተኛው በቀሪናና በኡሱል፣ ሦስተኛው የሰዎችን ሁኔታ በማወቅ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሦስተኛው ላይ ቢፈርድ፣ ወይም ሦስተኛው ስለ ተለወጠ የመጀመሪያው ተለውጧል ቢል፣ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ነው።

የዘመኑን ፈላስፎች ማንበብ የሚፈልግ መምህርም ያንብብ፤ ፍሬገና ግራይስ ዓይን ይከፍታሉ፣ ጋዳመርም ከየት ቆሞ እንደሚያይ ሰውን ያስታውሳል። ሲያነብ ግን ወዳጅም ጠላትም ለማድረግ አይቸኩል። ሙፈሲሮቻችን የአንድን አያህ የተለያዩ ተርጓሜዎች ከዘረዘሩና ያመኑበትን ካስቀደሙ በኋላ ዕውቀቱን ወደ ባለቤቱ ይመልሱ ነበር። ይህ አመላለስ የአደብ ቃል ነው፤ በማዕናና በሙራድ መካከል ያለውን ርቀት ማመንም ነው። ወላሁ አዕለም።